ጉልበቱን ለሁለተኛ ጊዜ የተቀየረ ሕመምተኛ፦ እናስተኛው ወይስ እናስነሣው?

በዚህ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ስለ ወባ፣ ስለ ተቅማጥ፣ ስለ ሕፃናት ክትባትና ስለ እናቶች ጤና ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ እዚህ ካኩማ ውስጥ የብዙውን ቤት በር የሚያንኳኩት እነዚህ ናቸውና። ዛሬ ግን በቁጥር ጥቂት ስለሆኑ፣ ነገር ግን በየብሎካችን ስለምናውቃቸው ሕመምተኞች አስተያየቴን ልስጥ። እነርሱም የጉልበት መገጣጠሚያቸው በቀዶ ጥገና ተቀይሮላቸው፣ ያም ተበላሽቶ እንደገና የተቀየረላቸው ወገኖች ናቸው። ሰፈርተኛው "ብረት የገባላቸው" ይላቸዋል።

እንደሚታወቀው በካምፕ ኑሮ ይህን ሕክምና የሚያገኝ ሰው ብዙ አይደለም። አንዳንዶቹ የመጀመሪያውን ቀዶ ጥገና ከስደት በፊት በአገራቸው ያደረጉ ናቸው። አንዳንዶቹ ልጆቻቸው ከአሜሪካ፣ ከካናዳ ወይም ከዓረብ አገር ገንዘብ አዋጥተው ናይሮቢ ያሳከሟቸው ናቸው። በሪፈራል የሄዱም አሉ፤ ሆኖም ለሪፈራል ቅድሚያ የሚሰጠው ሕይወቱ በአስቸኳይ መዳን ላለበት ሕመምተኛ ስለሆነ ጉልበት የሚጠብቅ ሰው ወረፋው ይረዝምበታል። እንግዲህ ይህን ሁሉ አልፎ፣ ሁለት ጊዜ በቀዶ ጥገና ውስጥ አልፎ፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና ተጉዞ ቤቱ የገባ ሰው እዚሁ ፍራሹ ላይ ተኝቶ እግሩ ሲደርቅበት ማየት በጣም ያሳዝናል። እኔ ባየሁት መጠን እግሩን የሚያደርቀው ብዙ ጊዜ የእኛው ደግነት ነው። ይህን ስል የሚከፋው ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። ቢሆንም እስከ መጨረሻው እንዲያነብልኝ እጠይቃለሁ።

በመጀመሪያ ነገሩን በአጭሩ ላስረዳ። መገጣጠሚያው ሲያልቅ ሐኪሙ የተበላውን የአጥንት ጫፍ ያነሣና በጭኑ አጥንት ጫፍ ላይ የብረት ሽፋን፣ በቅልጥሙ አናት ላይም ሌላ ብረት ያስቀምጣል፤ በሁለቱ መካከል ጠንካራ ፕላስቲክ ይገባል። አብዛኛዎቹ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለግላሉ። ሁለተኛ ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገው ብረቱ ከአጥንቱ ሲላቀቅ፣ ፕላስቲኩ ሲያልቅ፣ ጉልበቱ ሲወላገድ ወይም ድርቅ ሲል፣ ሰውየው ወድቆ በብረቱ ዙሪያ ያለው አጥንት ሲሰበር፣ ወይም ኢንፌክሽን ሲገባበት ነው። ኢንፌክሽን ከሆነ ብዙ ጊዜ የድሮው ብረት ወጥቶ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት የተቀላቀለበት ሲሚንቶ ለጊዜው ይቀመጣል፤ ሕመምተኛው ለሳምንታት፣ ብዙውን ጊዜ ለ6 ሳምንት ያህል፣ መድኃኒት ይወስድና ኢንፌክሽኑ መጥፋቱ ሲረጋገጥ አዲሱ ይገባል። ስለዚህ እኛ "ሁለተኛው" የምንለው በቢላዋ ቁጥር ሦስተኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ሁለተኛው ከመጀመሪያው የሚለይባቸው ምክንያቶች አሉ። አጥንቱ ቀንሷል። ከድሮው ቁስል የቀረው ጠባሳ ጉልበቱን እንደ ገመድ ይይዘዋል። ብረቱን ለመደገፍ ሲባል ብዙ ጊዜ ወደ አጥንቱ ውስጥ ጠልቆ የሚገባ ረጅም ብረት ይጨመራል። የጭኑ ጡንቻም ለወራት ሳይሠራ ቆይቶ ሟሽሿል። በዚህም የተነሣ በመጀመሪያው ጊዜ በሦስት ወር ቦኖ ድረስ ደርሶ ይመለስ የነበረ ሰው፣ በሁለተኛው ስድስት ወር፣ አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊፈጅበት ይችላል። እብጠቱና ሙቀቱ ለወራት ይቆያል። ይህ የሁለተኛው ቀዶ ጥገና ጠባይ ነው። ቀዶ ጥገናው ከሸፈ ማለት አይደለም።

ነገር ግን ይህን የሚነግራቸው የለም። ጠያቂ ሲመጣ የሚጠየቀው "አሁንም አልተነሡም? ባለፈው ጊዜ እኮ በዚህን ጊዜ ይሄዱ ነበር!" የሚል ነው። ጠያቂው በቅንነት ነው የሚናገረው። ሕመምተኛው ግን ያንን ቃል ሌሊቱን ሙሉ ያላምጠዋል።

የደግነት ትራስ

በአንድ ብሎክ ውስጥ የሚኖሩ ዕድሜያቸው ስልሳን የተሻገረ እናት አሉ፤ ስማቸውን አልጠቅስም። ሁለተኛውን ቀዶ ጥገና ናይሮቢ አድርገው ሲመለሱ የብሎኩ ሴቶች እንደ ወላድ ተቀበሏቸው። ተራ ገብተው ውኃ ከቦኖ ያመጡላቸዋል፤ ራሽን ያወጡላቸዋል፤ ቡናው በየቀኑ እሳቸው ቤት ይፈላል። ለመጸዳዳት ባልዲ ይቀርብላቸዋል። ሕመሙ እንዲቀልላቸው ደግሞ ከጉልበታቸው ሥር ለስላሳ ትራስ ተደረገላቸው። እግሩ በትንሹ ታጥፎ ሲያርፍ በእርግጥም ሕመሙ ይቀላል። ስድስት ሳምንት እንዲህ ሆኑ። ለጉብኝት ስሄድ እግራቸው በትራሱ ቅርጽ ደርቆ ነበር። ቀና አድርጉት ቢባሉ አይቀናም። የጭናቸው ጡንቻ ከሌላው እግር ጋር ሲተያይ ግማሽ መስሏል። በዚያ ቤት ውስጥ ክፉ ሰው አልነበረም። ሁሉም የሚወዷቸው ነበሩ።

ስለዚህ መጀመሪያ የምለው ይህን ነው፦ ትራሱን ከጉልበቱ ሥር አውጡት። ከፍ ማድረግ ሲያስፈልግ ትራሱ ወይም የተጠቀለለው ብርድ ልብስ ከተረከዙ ሥር ይግባ፤ ጉልበቱ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይቀና። ያማል። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ ሰው ለአምስትና ለአሥር ደቂቃ እንዲህ ተኝቶ ጥርሱን ሊነክስ ይችላል። ነገር ግን ቀጥ የማይል ጉልበት ይዞ የሚራመድ ሰው ጭኑ ቶሎ ይዝላል፣ ወገቡ ይታመማል፣ ምርኩዙንም ዕድሜ ልኩን አይጥልም።

"ሥጋ እስኪገጥም ዕረፍት ያስፈልገዋል" የሚሉ ወገኖች አሉ። ትክክል ናቸው፤ ቁስሉ ዕረፍት ይፈልጋል። መገጣጠሚያው ግን እንቅስቃሴ ይፈልጋል። ሁለቱም በአንድ እግር ላይ ስላሉ ነው ነገሩ የሚያስቸግረው። መፍትሔው ከአጭር ልምምድ በኋላ ረዘም ያለ ዕረፍት፣ እንደገና አጭር ልምምድ እያፈራረቁ መቀጠል ነው። በቀን ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ብዙ ነገር ይለውጣል። ተኝቶ የጭንን ጡንቻ አጥብቆ ጉልበቱን ወደ ፍራሹ መጫን፣ አምስት እስኪቆጠር ይዞ መልቀቅ፤ ተረከዝን በፌስታል ላይ እያንሸራተቱ ወደ መቀመጫ መሳብ፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ ደህናውን እግር በታመመው እግር ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ መግፋት፤ የቁርጭምጭሚትን ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስ። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ፍራሽ፣ ወንበርና ፌስታል ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አጥንት የተጨመረለት ወይም ጅማቱ የተሰፋለት ሰው "ለዚህን ያህል ሳምንት እንዳትረግጥበት" ወይም "እንዳታጥፈው" ሊባል ይችላል። በሁለቱ ቀዶ ጥገናዎች መካከል ያለ፣ ጊዜያዊው ሲሚንቶ በውስጡ ያለበት ሕመምተኛም እንዲሁ ሌላ ትእዛዝ ሊኖረው ይችላል። ትእዛዙ የተጻፈው ከሆስፒታል ሲወጣ በሚሰጠው ወረቀት ላይ ነው። ያ ወረቀት ደግሞ በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ከራሽን ካርዱ ጋር ትራስ ሥር ይቀመጣል። አንባቢ የለውም። ሕመምተኛው በተመለሰ በመጀመሪያው ሳምንት የብሎኩ ጤና ሠራተኛ ወረቀቱን አውጥቶ ለቤተሰቡ በአማርኛ ቁጭ ብሎ ሊያስረዳ ይገባል። "ይህ የእኔ ሥራ አይደለም" የሚል የሥራ ባልደረባ ካለ እኔ አልስማማም።

ልምምዱ ምን ያህል እንደሠራ ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ሕመምተኛው አንድ ወንበር ላይ፣ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ይቀመጥ። ተረከዙን ወደ ኋላ ስቦ የደረሰበት ቦታ ወለሉ ላይ በከሰል ይመልከትለት። በሳምንቱ እንደገና። መስመሩ በሁለት ጣት ወደ ኋላ ከሄደ ያ ለእሱ ትልቅ ዜና ነው። ከወንበር ተነሥቶ ለመቆም ጉልበቱ ወደ 90 ዲግሪ መታጠፍ አለበት፤ ይህም ማለት ቅልጥሙ ከወለሉ ላይ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ሲቆም ማለት ነው። ለሜዳ መንገድ ከዚያ ያነሰ ይበቃል። ቁጢጥ ለማለት ግን ከዚያ እጅግ የበለጠ መታጠፍ ስለሚፈልግ ሁለተኛ የተቀየረ ጉልበት ብዙውን ጊዜ እዚያ አይደርስም፤ እንዲደርስም በጉልበት መግፋት አይገባም።

ቁጢጥ የማይል ሰው በካምፕ

ይህ ወደ ዋናው ችግር ያመጣናል። ኑሯችን ሁሉ ወደ መሬት የቀረበ ነው። ፍራሹ መሬት ላይ ነው። ምድጃው መሬት ላይ ነው። በርጩማው ከመሬት አንድ ክንድ አይሞላም። ሽንት ቤቱ ደግሞ ቀዳዳ ያለው ሲሚንቶ ብቻ ነው። ልጆቹ ከሚኒያፖሊስ ደውለው "እማዬ፣ በረዶ አድርጊበት፣ ብስክሌት ንጂ፣ ቴራፒስቷ ቤት ትምጣ" ይላሉ። ልጆች ናቸው፣ ያዩትን ነው የሚናገሩት። እኛ ግን በ38 ዲግሪ ሙቀት፣ በቆርቆሮ ጣራ ሥር ሆነን የበረዶ ነገር ብንተወው ይሻላል። ቁስሉ ከደረቀ በኋላ የረጠበ ጨርቅ በጉልበቱ ዙሪያ አድርጎ ማራገብ እብጠቱንና ሙቀቱን ያስታግሳል። ቁስሉ ሳይደርቅ ግን ውኃ አይንካው። ጠበልም ቢሆን እስኪደርቅ ድረስ ይጠጡት እንጂ ቁስሉ ላይ አይፍሰስ፤ ይህን የጠየቅኋቸው አባቶች ሁሉ ተስማምተውልኛል።

የምንወደውን ሕመምተኛ ለመርዳት የፈለግን ሁሉ ደግነታችንን ወደዚህ እናዙረው እላለሁ። አልጋ ከሌለው አልጋ ይፈለግለት፤ ዝቅ ያለ ከሆነ በአራቱም እግሮቹ ሥር ብሎኬት ይግባ። አንዱ የፕላስቲክ ወንበር ዝቅ ካለበት ሁለቱን ደራርቡለት፤ ከፍታው ወዲያው ይስተካከላል። ለሽንት ቤት መቀመጫው የተቀደደ የእንጨት ወንበር ገበያ ውስጥ ያሉ አናጢዎች ይሠሩታል፤ እግሮቹ ሰፋ ብለው የማይንሸራተቱ ይሁኑ፤ ከጎን አንድ ጠንካራ እንጨት ተተክሎ መያዣ ይሁነው። ባልዲውን ማቅረብ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥሩ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ባልዲው ሰውየውን የሚያስር ሰንሰለት ይሆናል። ሽንት ቤት ድረስ በክራንች ሄዶ መመለስ በቀን አራትና አምስት ጊዜ የሚገኝ ልምምድ ነውና አትውሰዱበት። ሌሊት ባትሪ ይዞ የሚከተለው ሰው ይኑር።

ቡናውንም አልቃወምም። እንዲያውም ለዚህ ከቡና የተሻለ ነገር አላየሁም። ያቺ የነገርኳችሁ እናት ቤት አሁን የሚሠራበት ዘዴ ይህ ነው፦ እሳቸው በተደራረበው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ እንጂ በርጩማ ላይ አይቀመጡም። አቦል ሲቀዳ ተነሥተው በር ድረስ ደርሰው ይመለሳሉ። በቶና እንደገና። በረካ ላይ ጎረቤት ድረስ። ይህን ያመጣችው የልጃቸው ሚስት ናት፤ ማንም አላስተማራትም። ትራሱን ያወጣችውም እሷ ናት፤ ለሁለት ሳምንትም ያህል አማቷ አኩርፈዋት ነበር። አሁን ከአምስት ወር በኋላ እግራቸው ሙሉ በሙሉ አልቀናም፤ ትንሽ ጎበጥ ብሎ ቀርቷል። ቢሆንም በአንድ ምርኩዝ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። ምርኩዙን የሚይዙት በደህናው እግር በኩል ነው። ብዙ ሰው በታመመው በኩል ይይዛል፤ ያ ስሕተት ነው።

ስግደትን በተመለከተ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይጠይቃሉ። በሁለቱም ሃይማኖት የታመመ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ መጸለይ ይችላል። ጾምም እንዲሁ፤ የንስሐ አባትን ማነጋገር ነው። የተቀደደ ሥጋ የሚገጥመው በምግብ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2025 የምግብ ዕርዳታው መቀነሱን ሁላችንም በሆዳችን እናውቀዋለን፤ እንቁላልና ሥጋ ብሉ ብዬ አልቀልድም። ነገር ግን በቤቱ ውስጥ ያለችው ምስርና ባቄላ ስትከፋፈል ቁስል ያለበት ሰው ድርሻ እንዳይጓደል ማየት ይቻላል። ብዙ እናቶች ተሰርቆ እንደሚበላ ነገር የራሳቸውን ለልጅ ልጅ ያስተላልፋሉ። አስተውሉ።

በሌላ በኩል ደግሞ ከልክ የሚያልፉ አሉ። በሦስተኛው ሳምንት በቦዳቦዳ ገበያ የሚወጡ፣ ላጋውን በክራንች የሚሻገሩ፣ ሱቃቸውን የሚከፍቱ። ወንዶቹ ላይ ይብሳል። ለእነዚህ የምነግራቸው ምልክት አንድ ነው፤ ከልምምድ በኋላ የመጣው ሕመምና እብጠት እስከ ማግስቱ ካልቀለለ በዝቷል ማለት ነው። ግማሹን ይቀንሱ እንጂ ጨርሰው አያቁሙ። በዚያ ጉልበት ላይ አንድ ጊዜ መውደቅ ሦስተኛ ቀዶ ጥገና ሊያመጣ ይችላል።

ትኩሳት ሲመጣ

አሁን የምጽፈው ከሁሉም በላይ እንዲያዝልኝ የምፈልገው ነው። በካምፓችን ትኩሳት የመጣበት ሰው በመጀመሪያ የሚታሰብለት ወባ ነው። ደም ይመረመራል፣ መድኃኒት ይሰጠዋል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ብረት በጉልበቱ ያለበት ሰው ግን ትኩሳት ሲመጣበት ወባ ቢገኝበትም ባይገኝበትም ጉልበቱ መታየት አለበት። በጣት ደም የሚደረገው ፈጣኑ የወባ ምርመራ ከዳኑ በኋላም ለሳምንታት "አለ" ሊል ይችላል። ስለዚህ ምርመራው "ወባ አለ" ማለቱ ጉልበቱ ደህና ነው ማለት አይደለም። ቁስሉ እንደገና ከረጠበ፣ መግል ካወጣ፣ ቀይ ሆኖ ከተንሰራፋ፣ ሲቀንስ የነበረው ሕመም ተመልሶ ከባሰ፣ ዕረፍት ላይ ሆኖም ካላስተኛ፣ ያኔውኑ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ለጤና ሠራተኛውም "ጉልበቴ ውስጥ ብረት አለ፣ ሁለተኛ ነው" ብሎ አፍ አውጥቶ መናገር ያስፈልጋል። በልብስ የተሸፈነ ጠባሳ ወረፋ በበዛበት ክፍል ውስጥ አይታይም።

ከሱቅ አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥ ደግሞ ብዙዎቻችን የምናደርገው ነገር ነው። ለዚህ ጉልበት ግን ይህ አደገኛ ነው። ሐኪሙ ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ በመርፌ ቀድቶ የትኛው ተሕዋስ እንደሆነ ማየት ይኖርበታል። ሁለት ቀን አሞክሳሲሊን የተዋጠ እንደሆነ ተሕዋሱ ይደበቃል፤ አይሞትም። ምርመራው "የለም" ይላል፣ ከአንድ ወር በኋላ በባሰ ሁኔታ ይመለሳል። የተመረዘ ጥርስ፣ የእግር ጣት ቁስል፣ የቆዳ እባጭ ያለበትም ቶሎ ይታከም፤ ከዚያ የተነሣ ተሕዋስ በደም አድርጎ ወደ ብረቱ ሊሄድ ይችላልና። ስኳር ያለበት ሰው ስኳሩን ይቆጣጠር።

ባቱ በድንገት ያበጠና የጠነከረ፣ ወይም ትንፋሽ ያጠረውና ደረቱን የወጋው ሰው ካለ ደግሞ ነገ አይባልም። የረጋ ደም ሊሆን ይችላል። ከናይሮቢ በሚመጣው ረጅም መንገድ ላይ መኪናው በቆመ ቁጥር ወርዶ ጥቂት መራመድ፣ ተቀምጦም ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ ይህንን ለመከላከል ይረዳል። የታዘዘለትን የደም ማቅጠኛ "አበቃ፣ ድኛለሁ" ብሎ በራሱ ፈቃድ አያቋርጥ።

ስለ ማስታገሻ ጥቂት ልበል። ፓራሲታሞል ለአዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ከስምንት ባለ 500 ሚሊ ግራም ፍሬ ማለፍ የለበትም። ከልምምዱ ግማሽ ሰዓት በፊት ቢወሰድ ልምምዱን ያቀላል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አብሮ መውሰድ ጨጓራን ያደማል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ከደም ማቅጠኛ ጋር ሲሆን ደግሞ ይብሳል። በየሱቁ የሚወጋ መርፌ ይቅር። ወጌሻን እኔ አልንቅም፤ አያቴን ያቆማት ወጌሻ ነው። ነገር ግን ወጌሻ የሚያውቀው እግዚአብሔር የሠራውን ጉልበት ነው። ይህኛው ብረትና ፕላስቲክ ነው፤ ቢጎተትና ቢታሽ በዙሪያው ያለው አጥንት ሊሰበር ወይም ጅማቱ ሊበጠስ ይችላል።

የልጆች ገንዘብ

አሁን ደግሞ በመድኃኒት ስለማይታከመው ነገር። እኚያ እናት ከጉልበታቸው ይልቅ ያሳመማቸው ገንዘቡ ነበር። "ልጆቼ በብርድ አገር ሌሊት እየሠሩ ያመጡትን ሁለት ጊዜ በላሁት፤ አሁንም አልተነሣሁም። ስልካቸውን አንሥቼ ምን ልበላቸው?" ይሉ ነበር። ስልኩ ሲጮኽ ተኝተዋል በሉ ይላሉ። ልጆቹ ባሉበት ይጨነቃሉ፤ እናትየው እዚህ ይሰወራሉ። ይህን ከአንድ ሰው አይደለም የሰማሁት። ሪፈራል ያገኘውም "የሌላ ሰው ዕድል ወሰድኩ" ይላል።

እንዲህ ያለውን ሰው "አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ያውቃል" ብቻ ብሎ መውጣት አይበቃም። የሚረዳው እውነተኛውን ጊዜ ማወቅ ነው። ለቤተሰቡም፣ በስልክ ላሉት ልጆችም፣ ለጠያቂውም "ይህ አንድ ዓመት የሚፈጅ ነገር ነው፤ አሁን ሦስተኛ ወሯ ነው፤ በዚህ ወር የሚጠበቅባት ከወንበር ብቻዋን መነሣት ነው" ተብሎ ሲነገር ጉዳዩ ይለወጣል። ልጁ ሲደውል "ዳንሽ ወይ?" ከማለት ይልቅ "የከሰሉ መስመር የት ደረሰ?" ብሎ ይጠይቃል። ለዚህ ጥያቄ መልስ አላት። ስልኩንም ታነሣለች።

እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ የተወ፣ ከሰው ጋር መነጋገር ያቆመ፣ ወይም "ብሞት ይሻል ነበር" የሚል ካለ ግን ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም። በጤና ጣቢያው የሥነ ልቡና ምክር የሚሰጡ ሠራተኞች አሉ። ለጉልበት ታማሚም ጭምር ናቸው።

ለድርጅቱ ኃላፊዎችም አንድ ሐሳብ አለኝ። ሕመምተኛው ናይሮቢ ሆኖ ሳለ የሚመለስበት ቀን አስቀድሞ ይታወቃል። ታዲያ ወንበሩ፣ የሽንት ቤቱ መቀመጫና ክራንቹ ከእሱ በፊት ቤቱ ለምን አይደርሱም? አሁን የሚሆነው እሱ ይመጣል፣ ጥያቄ ይጻፋል፣ ወንበሩ ከሁለት ወር በኋላ ይመጣል። ያን ጊዜ ጉልበቱ ደርቋል። ራሽን ለማውጣት ለሰዓታት መቆም የማይችል ሰውም ወኪል እንዲመዘገብለት ከጉዞው በፊት ቢደረግ ከተመለሰ በኋላ በክራንች ቢሮ ለቢሮ አይዞርም። እኛ የኢንሴንቲቭ ሠራተኞች የምንዞረው በእግራችን ነው፤ በቀን የምንደርስባቸው ቤቶችም የተወሰኑ ናቸው። ፊዚዮቴራፒስት በየሳምንቱ ቤት ለቤት ይምጣ አልልም። ነገር ግን በመጀመሪያው፣ በስድስተኛውና በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት አንድ አንድ ጊዜ ቢያይ ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

እስከዚያው ድረስ በእጃችን ያለውን እንጠቀም። በአንዳንድ ቤቶች የዳነ ወይም ወደ ሌላ አገር የሄደ ሰው የተወው ክራንች፣ ዎከርና የተቀደደ ወንበር ልብስ ማስጫ ሆኖ ቆሟል። እንዲህ ያለ ዕቃ ያላችሁ ለብሎካችሁ ጤና ሠራተኛ አሳውቁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከናይሮቢ የሚመለሱ አንዲት እናት አሉ፤ ቁመታቸው አጠር ያለ ነው፣ ለክራንቹ መጠን እንዲያመች።